የሙሴ ሉሲያን ቀንዶች

በሰባት ዓመቴ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሆኖ አይቻለሁ። አንደኛው አልጋ ላይ ተኝቶ ያስላል፤ ሁለተኛው ከወይኑ ማሳ ዳር ቆሞ በርሜል ያማስላል። ሁለቱም ሙሴ ሉሲያን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ አፈርና ስለ ተክል ተምሬአለሁ፤ በልጅነቴ ያመንኩትን አብዛኛውን ነገር ያለ ጸጸት ጥያለሁ። ይኼኛው ግን በቀላሉ አልወድቅልሽ አለኝ። በመጨረሻ ስጥለው ደግሞ በምትኩ ያገኘሁት ከፊተኛው ይልቅ የሚያስደንቅ ሆነ።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

ያኔ በመንግሥት ወረቀት አገሩ ደራሳ አውራጃ ይባላል፤ ከተማው ዲላ ነው። ከዲላ ወጥቶ ወደ ወናጎ በሚወስደው መንገድ በስተግራ፣ ቡናና እንሰት በለበሰው ተራራ መካከል፣ እንደ ተላጨ ራስ የተገለጠ አንድ ተዳፋት ነበር። እሱ ላይ ወይን ተተክሏል። የተከሉት ከፈረንሳይ አገር የመጡት ሙሴ ሉሲያን ናቸው፤ ሙሴ በቋንቋቸው አቶ ማለት ነው። አባዬ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ሲሠራ ፈረንሳይኛ ለምዶ ስለነበር አስተርጓሚያቸውም ካቦአቸውም እሱ ነው። እማዬ ምግባቸውን ትሠራለች። የምንኖረው ከእሳቸው ቤት ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ነበር።

ሙሴ ሉሲያን ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲሄዱ ወደ ፊት የሚያጎነብሱ ሰው ነበሩ። ዘነበም አልዘነበም ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ከላዩ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ይደፋሉ። መንገደኛ ከሩቅ የሚለያቸው በነዚህ በሁለቱ ነው።

አንድ እሑድ በረንዳቸው ላይ ጠሩንና ከአገራቸው በሣጥን የመጣ ጠርሙስ ከፈቱ። በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። ቀይ ብዬ ብነግራችሁ አይበቃም። የበሰለ የቡና ፍሬ ቀይ ነው፤ ይኼ ግን ውስጡ ሌላ ቀይ፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ጥቁር የሚመስል ሌላ ነበረው። በረንዳው ወለል ላይ ያረፈው ጥላው እንኳ ቀይ ነበር። እግሬን ጥላው ውስጥ አስገባሁና እግሬ ቀላ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫዬ ሲያቀርቡልኝ እንጆሪ ሸተተኝ፤ ዝናብ የመታው ድንጋይ ሸተተኝ፤ ከዚያ የበቅሎ ኮርቻ። ሦስቱ እንዴት አንድ ጠርሙስ ውስጥ ገቡ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ሙሴ ሉሲያን አንድ ነገር ተናገሩ።

"'ይኼ የአባቴ መሬት ነው' ይላሉ" አለ አባዬ።

"ምኑ?" አለች እማዬ።

"የሚጠጡት።"

"መሬት ይጠጣሉ እንዴ?"

"እንደዚያ ነው የሚሉት። እኔ ምን ላድርግሽ፣ ፀዳለ።"

አባዬ ቀሪውንም ተረጎመ። በአባታቸው እርሻ ከፋብሪካ የወጣ ማዳበሪያም መርዝም አይገባም። ላሙ፣ ዛፉ፣ ወይኑና ሰዉ እንደ አንድ ገላ ናቸው። መሬቱ ሕይወት ካለው በወይን ጠጁ ውስጥ ራሱን ይናገራል፤ ከሞተ ወይኑ የትም ያለ ወይን ነው። ይኼን ትምህርት ዲላ ላይ ሊሞክሩት መጥተዋል። "ከዚህ መሬት የወጣ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ጠጅ ልቅመስ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ" አሉ። ይኼን ብለው ሲጨርሱ ሳል ያዛቸውና መሐረባቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መሐረቡ ሲመለስ ቀይ ነጠብጣብ ነበረበት።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ዕድሜ ልካቸውን የአባታቸውን መሬት ሲጠጡ ኖረው ደማቸው ወይን ጠጅ ሆኗል፤ አሁን ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ሳንባቸው መሆኑን፣ አባዬም እማዬም ይኼን ከመጀመሪያው ማወቃቸውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ግን እንዲህ የሞላ ሰው አጠገብ መቀመጤ አኮራኝ።

ደመራ ሲቃረብ ሙሴ ሉሲያን ቀንድ መግዛት ጀመሩ። ሥጋ ሻጩ ይርጉ ከሉካንዳው ደጅ ላይ ቆሞ ላለፈው ለአገደመው ሁሉ ያወራል። "ሥጋውን ጥሎ ቀንዱን የሚገዛ ሰው አያችሁ? ያውም የበሬ አይሆንም። የላም፣ ያውም የወለደች ላም ይሁን ብሎ ቀንዱን እየዳሰሰ ቀለበቱን ይቆጥራል። ለሠርግ ቀለበት ነው መሰል።"

ቀንዶቹ ግቢያችን ሲደርሱ ሙሴ ሉሲያን እጅጌአቸውን ሰብስበው ትኩስ የላም እበት በእጃቸው እያፈሱ ሞሏቸው። ከወይኑ ማሳ ራስጌ ጉድጓድ አስቆፈሩና ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ደረደሯቸው። አፈር ሲለብሱ እንደ ተቀበረ መንጋ ሆኑ። ላሞቹ ከታች ቆመው የሚጠብቁ መሰለኝ።

"ቀንዱ ከምድር ሥር ሆኖ የከዋክብትን ኃይል ይስባል ይላሉ" አለ አባዬ፤ ለሠራተኞቹ እየተረጎመ። ይኼን ዓረፍተ ነገር ባይተረጉመው ይሻል ነበር። በማግሥቱ ከተማው ውስጥ ገባ፤ በሦስተኛው ቀን የነፍስ አባታችን መምሬ ኃይለኢየሱስ ቤታችን መጡ።

"መቼ ነው የሚያወጣው?" አሉ አባዬን።

"በመጋቢት ነው ያሉኝ።"

"በመጋቢት ስንት?"

"በአሥር፣ በአሥራ አንድ ገደማ።"

እማዬ አማተበች። የቅዱስ መስቀሉ በዓል መስከረም አሥራ ሰባት ነው፤ ከተቀበረበት ተቆፍሮ የወጣው ግን መጋቢት አሥር ነው። ይኼን ዲላ ውስጥ የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ፈረንጁ በደመራው ሰሞን ቀንድ ቀብሮ፣ መስቀሉ በወጣበት ቀን ቀንድ ሊያወጣ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሰይጣን ሥራ ከየት ይመጣል? ሙሴ ሉሲያን ግን የቆጠሩት ሌላ ነበር። ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸውን ሁለቱን ቀኖች ነበር የሚጠብቁት፤ ስለ መስቀሉ መገኘት አንድም ሰው ነግሯቸው አያውቅም። ይኼን ዛሬ በሁለት መስመር እጽፈዋለሁ፤ ያኔ የሚያስረዳ አልነበረም።

መምሬ በእሑዱ ቅዳሴ ማብቂያ ላይ ተናገሩ። ያንን ቀንድ፣ ከቀንዱም የወጣውን የነካ ሰው ከቁርባን የተለየ ነው፤ ቢሞትም ፍታት የለውም። እድሩም ተከትሎ ወሰነ። የወንጌላውያኑ ሰባኪ ደግሞ ለምእመናኑ ስለ ቀንድ የራሱን ስብከት ሰበከ። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበትን ሌላ ነገር አላውቅም።

የወይኑ ገራዥ ጋሽ በራሶ ሳቁ። "እኛ ቆጮ እንቀብር የለ? ትገማለች፣ ከርማ ትወጣለች፣ ይበላል። ማን ጠንቋይ አለን?" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ቆርጠው፣ "ግን ሽማግሌዎች አትንካ አለ። አልነካም" አሉ።

ከሁሉም የባሰችው እማዬ ነበረች። ከአባዬ ጋር በቁርባን ነው የተጋቡት፤ ይኼ ለእሷ ጌጧም ቤቷም ነው። በጉድጓዱ አጠገብ ስናልፍ "እንትፍ በይ" ትለኛለች፤ እተፋለሁ። አንድ ቀን አባዬን ምድጃው ፊት አቁማ አስማለችው።

"ያንን ነገር አልነካም በል።"

"አልነካም አልኩሽ እኮ።"

"በሚካኤል በል።"

"በሚካኤል አልነካም። እንጀራችን ግን ከዚያ ሰውዬ ነው፣ ፀዳለ።"

"እንጀራው ከቀንዱ አይደለም።"

መጋቢት ደረሰ። ሙሴ ሉሲያን ጉድጓዱን ብቻቸውን ቆፈሩ፤ በየጥቂቱ እያረፉ። እማዬ የጾም ሽሮዋን ስታሰናዳ ሾልኬ ሄድኩ። አንዱን ቀንድ በእንጨት መታ መታ ሲያደርጉት ውስጡ ያለው ወደቀ። እበት አልነበረም። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በጣት ሲይዙት የሚጣበቅ ነገር ነው። መዳፋቸውን ወደ አፍንጫዬ አቀረቡ። እተፋለሁ ብዬ የሰበሰብኩትን ምራቅ ዋጥኩት። የዋንዛ ጥላ፣ እርጥብ ቅጠል፣ በዝናብ ማግሥት የሚሸት ደን ነበር።

"እበቱስ የት ሄደ?" አልኳቸው።

አልገባቸውም። ፈገግ ብለው በጣታቸው ወደ መሬት አመለከቱ። ዛሬ የት እንደሄደ አውቃለሁ፤ የበሉትን ጥቃቅን ነፍሳት በአጉሊ መነጽር ሥር ቆጥሬአቸዋለሁ። በዚያች ቅጽበት ያወቅኩት ግን መሬት ውስጥ የገባ የከፋ ነገር ሁሉ እንዲህ ሆኖ እንደሚወጣ ነው። ይኼን እውቀት ብዙ ቦታ ተሳስቼ ተጠቀምኩበት።

የቀረው ማማሰሉ ነበር። ከወይኑ ማሳ ዳር፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር፣ የዝናብ ውሃ የሞላበት በርሜል አለ። ከዋንዛው ቅርንጫፍ ረጅም እንጨት በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ውሃው ይወርዳል። ከቀንዱ የወጣው እፍኝ የማይሞላ ነገር ለብ ባለው ውሃ ውስጥ ይጨመርና ይማሰላል። በአንድ ወገን፣ እየፈጠነ፣ ውሃው መካከሉ ተከፍቶ እስከ በርሜሉ ወለል ጉድጓድ እስኪሠራ። ከዚያ በድንገት ወደ ሌላው ወገን። ጉድጓዱ ይፈርሳል፣ ውሃው ይደነግጣል፣ አረፋ ይደፍቃል፤ ከዚያ በሌላው አዙሪት እንደገና ይከፈታል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ነው። ሳይመሽ በቅጠል እየተነከረ ማሳው ላይ ይረጫል። በየማሳው በየተራ ስለሚረጭ ሥራው የአንድ ቀን አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ሙሴ ሉሲያን ከመንገድ የሚያይ ሁሉ እያያቸው ጀመሩ። ሳይጨርሱ እንጨቱ ላይ ተደገፉ፤ ከዚያ ተንበረከኩ። አባዬ ተሸክሞ አስገባቸው። በማግሥቱ ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም በረንዳው ላይ ሆኖ አባዬን ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገረው።

"ከአልጋ እንዳይነሱ። አገራቸውም ቢሄዱ መንገዱን አይችሉትም። እስከ መስቀል የሚደርሱ አይመስለኝም።"

በዓሉ ስለሚያመልጣቸው አዘንኩላቸው።

በዚያ ቀን ማታ እራት ስንበላ አባዬ ጉርሻውን ይዞ ቆመ። "ጭንቀታቸው በርሜሉ ነው" አለ። "ሳይዘራ እንደ ቀረ እርሻ ነው የሚሆንብኝ ይላሉ። አሁን ካልተረጨ የዘንድሮው ወይን ጠጅ የዚህ መሬት አይሆንም፤ ሌላ ዓመት ደግሞ የለኝም ይላሉ።"

"ይቅር" አለች እማዬ።

"እኔም ይቅር ነው ያልኩት።"

"እንግዲያው ምን ታወራለህ? ብላ።"

ከዚያ ድስቱን ስትከድን ክዳኑ ጮኸ።

በማግሥቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አባዬ ለእድር ስብሰባ ከተማ ወረደ። እማዬ የሾርባ ሳህን አስይዛ ወደ ሙሴ ሉሲያን ላከችኝ፤ "ጠጥተው እስኪጨርሱ ከዚያ እንዳትነሺ" አለችኝ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው ነበር። ሲያስሉ አልጋው ይንጫጫል። ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና መጠበቅ ሰልችቶኝ በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ።

ሙሴ ሉሲያን ከዋንዛው ሥር ቆመው በርሜሉን ያማስላሉ።

ግራጫው ካፖርት። የሰሌኑ ባርኔጣ። ትንሽ ወደ ፊት ማጎንበሳቸው። ፀሐይዋ ከበስተጀርባቸው ዝቅ ብላ ውሃው ብልጭ ይላል። ክንዳቸው እየፈጠነ ይዞራል፤ ቆም ይላል፤ ይገለብጣል። ወደ አልጋው ዞርኩ። ሙሴ ሉሲያን ተኝተው ያስላሉ። ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ሙሴ ሉሲያን ያማስላሉ። አልጮህኩም። የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ቤተ መቅደስ ውስጥ መጋረጃው ሲከፈት የሚሰማኝ ዓይነት ነበር። በመንገዱ የሚያልፉት ሰዎችም አይተው አማትበው ፈጠን ብለው ሄዱ። ለእነሱ አንድ ሙሴ ብቻ ነበር የሚታያቸው። ሁለቱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

ወደ ቤት ስመለስ እማዬ አልነበረችም። ቆይታ መጣች፤ የቀሚሷ እጅጌ እስከ ክርኗ ርሷል።

"ሾርባውን ጠጡ?"

"እማዬ፣ ሙሴ ሁለት ናቸው።"

እጅጌዋን እየጨመቀች ቆማ አየችኝ። "ማን አየ?"

"እኔ። አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ በርሜሉ ጋ።"

ቁጭ አለችና ትከሻዬን ያዘች። እጇ ይቀዘቅዛል። "ስሚ፣ ልጄ ስመኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ አይነገርም። ከተናገርሽ አንዱ ይጠፋል። የትኛው እንደሚጠፋ ደግሞ አይታወቅም።"

"ለአባዬም?"

"ለአባትሽም።"

አልተናገርኩም። በቀጣዮቹ ቀናት ሁለተኛው ሙሴ በየምሽቱ መጡ፤ ማማሰል ሲጨርሱ በቅጠል እየረጩ በወይኑ መካከል ቀስ ብለው ይሄዱ ነበር። አፌን በእጄ ይዤ ከመስኮቱ አየሁ። አንድ ቃል ቢያመልጠኝ ሰው የሚሞት መስሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቃል ቢያመልጠኝ በእርግጥ ምን ይደርስ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

ዕድሜዬ አሥራ አምስት ሲሞላ በገዛ አእምሮዬ አሰብኩና አባዬ ነበር ብዬ ደመደምኩ። ካፖርቱን ለብሶ ነው። እድር እሄዳለሁ ያለው ለማምለጫ ነው። ፈሪ ይመስለኝ የነበረው አባቴ በዓይኔ ከፍ አለ። አባዬ ሲሞት እድሩ በክብር ቀበረው፤ መምሬ ፈቱት። እኔም እያለቀስኩ በውስጤ "አታልለሃቸዋል" አልኩት። ይኼኛውም እምነቴ የመጀመሪያውን ያህል ሞኝነት ነበረበት።

ወይኑ አፈራ። በሐምሌ መጀመሪያ ጋሽ በራሶና ልጆቻቸው ለቀሙት። አባዬ ከሙሴ አልጋ እየተመላለሰ ትእዛዝ ያመጣል፤ ተረገጠ፣ በትልቁ የእንጨት በርሜል ተገላበጠ። ጆሮዬን በርሜሉ ላይ አስደግፌ ስሰማ ውስጡ ይተነፍስ ነበር። ትንሽ ሽው፣ ትንሽ ጠብ። እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል። ቀንዶቹ፣ ላሞቹ፣ ሁለተኛው ሙሴ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ገብተው የሚያወሩ መሰለኝ።

ፍላቱ ጋብ ሲል ሙሴ ሉሲያንን በወንበር ተሸክመው አመጧቸው። አባዬ ከበርሜሉ ቀዳላቸው። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። ይኼኛው ቀይ ከፊተኛው ይለያል፤ ደመቅ ያለ፣ ትንሽ የደፈረሰ፣ በዳሩ ሐምራዊ። አሸተቱ። ቀመሱ። ረጅም ጊዜ በአፋቸው ይዘውት ቆዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የተናገሩትን አባዬ ወዲያው አልተረጎመውም።

"ምን አሉ?" አለች እማዬ፤ ከሁሉም ኋላ ከበሩ ሆና።

"'ይኼ የአባቴ መሬት አይደለም' አሉ።"

አበላሹባቸው ብዬ ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ቀንድ፣ ያ ሁሉ ማማሰል፣ ከአባታቸው መሬት ጋር አልተመሳሰለም። ሙሴ ሉሲያን ግን ብርጭቆውን ከፍ አድርገው ወደ በሩ፣ ወደ እማዬ አቅጣጫ ያዙት። እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ወጣች። ያ ቃል አንድ ወይን ሠሪ ሊናገረው የሚችለው ትልቁ ምስጋና እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሙሉ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ማንበብ ነበረብኝ።

ከተለቀመው ውስጥ የተረፈውን እማዬ በሰፌድ እያደረገች ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ አደረቀችው። በዚያ ዓመት ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ከአዲስ አበባ መኪና አልመጣም። ፍልሰታ ሊገባ ሲል መምሬ ኃይለኢየሱስ ጥላቸውን ይዘው መጡ፤ ወደ ውስጥ አልገቡም፤ በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሙ።

"ፀዳለ፣ መንገዱ ተቆርጧል።"

"ሰማሁ አባቴ።"

"ዘቢብ አልመጣም። ፍልሰታ ነው፤ ልጆቹ በየቀኑ ይቆርባሉ። ያለ ዘቢብ ደግሞ ቅዳሴ የለም።"

"የለም አባቴ።"

ጥላቸውን አራገፉ። "ወይን ከመሬት የሚወጣ ነው። መሬት የእግዚአብሔር ናት።"

"ቀንዱስ፣ አባቴ?"

"ስለ ቀንዱ አልጠየቅኩሽም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ከዚህ ቤት ያንን ነገር የነካ የለም አይደል?"

"ባለቤቴ ወልዱ አልነካም። በሚካኤል ምሏል።"

"ተባረኩ" አሉ። እማዬ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ሰጠቻቸው።

በፍልሰታው እኔም ቆረብኩ። ነጭ ለብሼ፣ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተሰልፌ፣ ባዶ ሆዴ እየጮኸ። በዕርፈ መስቀሉ የተሰጠችኝ ጠብታ ምላሴ ላይ ስታርፍ አወቅኋት። ቆጡን፣ ጭሱን፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ያንን ጥቁር ነገር፣ የደኑን ሽታ። ከቀንዱ ወጥቶ በወይኑ አልፎ ጽዋው ውስጥ ገብቷል። ከቅድስቱ እስክወጣ እግሬ መሬት የረገጠ አልመሰለኝም።

እማዬ አልቆረበችም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከበሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። "ምነው እማዬ?" ስላት "እህል ቀምሻለሁ" አለችኝ። በቀጣዩ ዓመትም እህል ቀምሳ ነበር። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ።

ሙሴ ሉሲያን ከመስቀል በፊት ሞቱ። ከወይኑ ራስጌ፣ ቀንዶቹ ከነበሩበት ጎን ተቀበሩ። ሰው ሲያለቅስ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። መስከረም ነው፤ ገብተዋል፤ በመጋቢት ይወጣሉ። መጋቢት አሥር ቀን ማልጄ ተነስቼ እስከ ቀትር እዚያ ተቀመጥኩ። ማንም አካፋ ይዞ አልመጣም። የመሬቱ ባለቤት ወይኑን አስነቅሎ ቡና ተከለበት፤ ዛሬ የገበሬ ማኅበሩ ነው። ቡናው ጥሩ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ለእረፍት ዲላ ሄድኩ። እማዬ ለዘመን መለወጫ ግድግዳ ልታስቀባ በግማሽ በርሜል ኖራ በጥብጣ አገኘኋት። በረጅም እንጨት ታማስላለች። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቆምኩ። ክንዷ እየፈጠነ ዞረ፤ ነጩ ውሃ መካከሉ ተከፍቶ እስከ ወለሉ ወረደ። ከዚያ በድንገት ገለበጠችው። ኖራው ደነገጠ፣ አረፋ ደፈቀ፣ በሌላው ወገን መከፈት ጀመረ። ትንሽ ወደ ፊት አጎንብሳለች።

"እማዬ፣ እንዲህ ማማሰል የት ለመድሽ?"

"ኖራ መበጥበጥ ደግሞ ልምድ ይፈልጋል?"

"አዙረሽ መለስሽው እኮ።"

"ሳይመለስ ይዋሃዳል?" እጇ አልቆመም።

"አባዬ አልነበረም ማለት ነው።"

አሁን ቆመች። "አባትሽ አልነካም ብሎ ምሏል። አባትሽ የማለውን አያፈርስም።"

"አንቺስ?"

"እኔ መቼ ማልኩ? አስማልኩ እንጂ።"

ሻንጣውን መሬት ላይ ለቀቅኩት። "ለምን? ከሁሉ በላይ የምትተፊበት አንቺ ነበርሽ።"

"ሰውየው ተኝቷል። የለፋበት ሁሉ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ሊጥ አቡክቶ የታመመ ሰው ቤት ብትገቢ ሊጡን ጥለሽ ትወጫለሽ?" እንጨቱን በርሜሉ ጠርዝ ላይ መታ መታ አደረገችው። "ካፖርቱን ከራስጌአቸው አውርደው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እንዳልታወቅ። ቋንቋ እንኳ አልነበረን።"

ያደግኩበት ተአምር ፈርሶ እግሬ ሥር ወደቀ፤ ቦታውን ይዛ የቆመችው ደግሞ ኖራ የነካት እማዬ ናት። እኔ እንዲህ ሲሰማኝ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ማስረዳት ጀመርኩ። ይኼ ፈረንጆቹ ባዮዳይናሚክ የሚሉት እርሻ እንደሆነ፣ ጥንቆላ እንዳልሆነ፣ ቀንዱ ኮከብ ይስባል የሚያሰኝ አንድም ማስረጃ እንዳላገኘሁ፣ ነገሩ የተብላላ እበት ብቻ መሆኑን ነገርኳት።

"እንግዲያው በከንቱ ነዋ ክንዴ የዛለው" አለችና ሳቀች።

"በከንቱ ያጠፋሽው ቁርባንሽን ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት እህል ቀምሻለሁ እያልሽ። ለመምሬ ብትነግሪያቸው ኖሮ ንስሐ ሰጥተው ይፈቱሽ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ዘቢቡን ወስደው ቀድሰውበታል።"

"እሳቸው የወሰዱት የእሳቸው ነው። እኔ እንደተከለከለ አውቄ ነው የነካሁት። ንስሐ ደግሞ ለተጸጸተ ነው።"

"አልተጸጸትሽም?"

እንጨቱን ይዛ ወደ ማዶው ተዳፋት፣ ወደ ቡናው አየች።

"ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ልቤን እጠይቀዋለሁ" አለች። "ዘንድሮም ጠየቅኩት። አልተጸጸተም። እዚያ ቆሜ ተጸጽቻለሁ ብዬ እግዜርን አልዋሽም።"

እኔም ዞሬ ወደ ቡናው አየሁ።

"በይ ያዢ" አለች፤ እንጨቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ። "ክንዴ ደከመ። ግድግዳው እየጠበቀን ነው።"

ያዝኩት። ካሰብኩት ይከብዳል። አዞርኩት፤ ኖራው አልታዘዝም አለኝ፤ ደግሜ አዞርኩት። ቀስ በቀስ መካከሉ ሰመጠ፣ ተከፈተ፣ የበርሜሉ ወለል ታየኝ።

"አሁን" አለች እማዬ።

መለስኩት።